የሦስት ቀን ሥራ

ጋሼ ብርሃነመስቀል የቤታችንን ኮምፒዩተር ሲስተም ለመቀየር ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። ሰው በአንድ ዕቃ ላይ እንደዚያ ሲጠነቀቅ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

የምንኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ነበር፤ አፓርትመንቱ ታችኛው ፎቅ ላይ። ኮምፒዩተሩ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አሮጌ ነው። ሲበራ ያጓራል፣ ይሞቃል፣ ያስባል። እናቴ አብርታው ሄዳ ሻይ አፍልታ ትመለሳለች፤ እሱ ገና እያሰበ ነው።

እናቴ እታገኝ ያን ሰሞን ቤት ነበረች። ሥራዋ ሳንታ ሞኒካ አንዲት አሮጊት መጠበቅ ነበር። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ደም ግፊቷ ከፍ ስላለ፣ ሐኪሙ ሥራሽን አቁሚ፣ ተኚ አላት። መተኛት ግን አትችልበትም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተሩ ፊት ትቀመጥና የወንድሟን የግሩምን ፌስቡክ ትከፍታለች።

ግሩም ደሴ አስተማሪ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በየሁለት ሦስት ቀኑ ረጅም ጽሑፍ ይጽፋል፣ በአማርኛ። የእኛ ኮምፒዩተር አማርኛ አያውቅም። ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነበር የሚመጣው። እናቴ ሳጥኖቹን ታያለች። ብዛታቸውን አይታ "ዛሬ ደስ ብሎታል" ወይም "ዛሬ ተናዷል" ትላለች። ከዚያ በካርድ ትደውልለትና "ምን ብለህ ነው የጻፍከው?" ትለዋለች። እሱም እየሳቀ ያነብላታል።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴና ጋሼ ብርሃነመስቀል ከሕንፃው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆመው አገኘኋቸው። አባቴ ለይኩን ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ በዚያ ሰዓት ቤት አይገኝም። ጋሼ ብርሃነመስቀል ደግሞ ፌርፋክስ ላይ ያለ ፓርኪንግ ጠባቂ ናቸው። ትምህርት ያቆሙት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነቡት በጣታቸው እየተከተሉ ነው። ፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ ሰው የጣለው ላፕቶፕ ነበራቸው፤ መኪና እስኪመጣ እሱን ሲፈቱና ሲገጥሙ፣ ከላይብረሪ መጽሐፍ ሲዋሱ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ለብቻቸው ተማሩት። በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ፌርፋክስ ላይ የግማሹን ሱቅ ኮምፒዩተር ወደ እሱ የቀየሩት እሳቸው ናቸው። ብዙ አይናገሩም።

ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጀርባ ቆሜ ሰማኋቸው።

"እስከ ቅዳሜ ማቆየት ይችላሉ?" አለ አባቴ።

"እችላለሁ።"

"ብትጠረጥርስ?"

"ሥራው ረጅም ነው እላታለሁ። አታውቀውም።"

"ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ይመጣል። ናዝራዊትም ኦፍ ጠይቃለች፣ አጠገቧ ትሆናለች።"

"እስከዚያ ከማንም እንዳትሰማ" አሉ ጋሼ። "ብቻዋን ሆና እንዳታገኘው።"

ናዝራዊት የእናቴ ጓደኛ ናት፤ ነርስ። አባቴ ዞር ሲል አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ለእማዬ እንዳትነግሪ።"

"ምኑን?"

"ምኑንም።"

እኔ ግን ገብቶኛል። የክፍሌ ልጆች እናቶች ሲያረግዙ እንዲህ ነው የሚደረገው። ሰው በምስጢር ይጠራራል፣ ባልየው ይዋሻል፣ አንድ ቀን ሁሉም ተሰብስቦ ይመጣና "ሰርፕራይዝ!" ይላል። እናትየዋ ደንግጣ ታለቅሳለች። ስጦታው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ነው፤ አማርኛ የሚያነብ ኮምፒዩተር። አባቴ ዓይኑ የቀላው በደስታ ነው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ግሩም ማክሰኞ ዕለት ሞቷል። ከኮምቦልቻ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ነው። ወሬው ለአባቴ የደረሰው ረቡዕ ጠዋት ነው። መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፤ በማለዳ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው ባለበት። ሎስ አንጀለስ ግን ሰው የሚሰበሰበው ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ከአገር ቤት ማንም እንዳይደውል አባቴ አስጠንቅቋል። የእናቴ ስልክ ተጣጣፊ ነበር፣ ኢንተርኔት የለውም። የቀረው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። ጽሑፉ ሳጥን ቢሆንም ፎቶው ሳጥን አይደለም።

ይህን ያን ጊዜ አላውቅም። ያየሁትን ልናገር።

ጋሼ ያኔውኑ ገቡ። እናቴ ከሶፋው ልትነሣ ስትል በእጃቸው መለሷት።

"ተቀመጪ።"

"ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለዎት?"

"ለኮምፒዩተሩ ነው የመጣሁት። አማርኛውን ላስገባልሽ።"

"ስድስት ወር ሙሉ ስለምንዎት! ይኼ ሆዴ ነው ያሳዘነዎት?"

"እሱ ነው" አሉ።

እናቴ ሳቀች። አባቴ ወደ ኩሽና ገባና ውሃ ከፈተ።

ጋሼ መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀሉና ጠቅልለው ለአባቴ ሰጡት። አባቴ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ገልብጠው ፈቱት። በቀለም ብሩሽ አቧራውን ጠረጉት፤ እያንዳንዷን ብሎን በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ደረደሯት። የእናቴን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየከፈቱ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጡ።

"ሁሉንም ለምን ይከፍቱታል?" አለች እናቴ።

"ደህና መሆኑን ላይ።"

"ዛሬ ያልቃል?"

"አያልቅም።"

"ግሩም ጽፎ ይሆናል እኮ። ከትናንት ጀምሮ ስልኩም አይሠራም።"

"ደሴ መብራት ጠፍቷል አሉ" አለ አባቴ ከኩሽና። "ኔትወርክም የለም።"

"ማን ነው ያለው?"

"ሰው።"

ሐሙስ በምሳ ሰዓታቸው መጡ። እኔም ከትምህርት ቤት ቀድሜ ወጥቼ ደረስኩ። ከኮታቸው ኪስ ነጭ መሐረብ አወጡ፤ መሐረቡ ውስጥ ፍላሽ ነበር፣ የጣት ያህል። ሰክተው አበሩት። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ቆየ፣ ከዚያ የቋንቋ ስሞች ወጡ። እያንዳንዱ በራሱ ፊደል ነው የተጻፈው። የጋሼ ጣት ወደ ታች ወረደች፣ ወረደች፣ ቆመች።

አማርኛ።

አነበብኩት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊደል እንማር ነበር። ለእኔ አማርኛ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን አልፎ የሚሄድ ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤት ቅጽ ሲሞላ የእኛ ቋንቋ ስም አይገኝበትም፤ "ሌላ" የሚለው ላይ ነው ምልክት የሚደረገው። እዚህ ግን ከሁሉም ጋር ተሰልፎ ቁጭ ብሏል።

"ይኼን የሠራው ማነው?" አልኳቸው።

"ብዙ ሰው ነው።"

"ስንት?"

"አይታወቅም። አንዱ ጀርመን ነው፣ አንዱ ሕንድ። አማርኛውን የእኛው ልጆች ናቸው የጻፉት፤ ከሥራ ሲመለሱ ቁጭ ብለው፣ ቃል በቃል።"

"ምን ይከፈላቸዋል?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ይሠራሉ?"

አዩኝ። ጥያቄውን የሚመዝኑ ይመስላሉ። "ለሌላው እንዲቀለው" አሉ።

"ያውቁናል?"

"አያውቁንም።"

ገጹን አሳለፉ። ቀጣዩን አሳለፉ። እያንዳንዱ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። "ሁሉንም አጥፍቶ ይጫን?" የሚለው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ከማውዙ አነሡ።

"ዛሬ እዚህ ይብቃው" አሉ። "ይረፍ።"

አጠፉት፤ ነጭ አንሶላ አለበሱት። "ማንም እንዳይነካው" ብለው ወደ ፓርኪንጋቸው ሄዱ። እናቴ ከሶፋው ሆና አንሶላውን አየችው። እኔም አየሁት። መቅደስ ውስጥ እንዳለን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የማወራው።

ዛሬ ግሌንዴል አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒዩተር ሥራ እሠራለሁ። ያንን ሲስተም በብዙ መቶ ማሽን ላይ ጭኛለሁ። አርባ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በዚያ አሮጌ ላይ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

ዓርብ ጋሼ ረፋድ ላይ መጡ። የትናንቱን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ሠሩት፣ እዚያው ጥያቄ ላይ ቆሙ፣ አለበሱት፣ ሄዱ። እኔ ያን ቀን ትምህርት አልነበረኝም። አባቴ "ለሁለት ሰዓት ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ፤ ሰው ለማስተባበር ነው፣ ለእሷ ግን ተሳፋሪ ነው ያለው።

እናቴ ደሴ ስድስት ጊዜ ደወለች። ስድስት ጊዜ አዳመጠችና ዘጋች። አንሶላ የለበሰው ኮምፒዩተር ፊት ሄዳ ቁጭ አለች።

"ሰውዬው አልቻሉበትም መሰለኝ" አለች። "አፍረው ነው እንጂ። ምናለ አሮጌውን በተዉልኝ። ሳጥኑንም ቢሆን አየው ነበር።"

ሆዷን ይዛ ገብታ ተኛች።

እኔ ፈራሁ። ነገ ቅዳሜ ነው። ሰው ሁሉ ሊመጣ ነው፣ ስጦታው ግን ጥያቄ ላይ ቆሟል። የጋሼ እጅ እንደሚፈራ ሁለት ቀን አይቻለሁ። የሚቀጥለው የትኛው እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ፤ ፍላሹም እንደተሰካ ነው።

አንሶላውን ገፈፍኩት። አበራሁት። አማርኛ አልኩት። "ሁሉንም አጥፍቶ ይጫን?" ሲለኝ ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩ።

መስመሯ መሄድ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ማሽኑ አላጓራም። ዝም ብሎ ይሠራል። በመካከሉ ጠየቀኝ፦ "ስምዎ ማን ነው?" በሕይወቴ አንቱ ያለኝ የመጀመሪያው እሱ ነው። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና ኤልያና ብዬ ጻፍኩለት።

ሲያልቅ ፍላሹን አስነቀለኝ፣ ጠፋ፣ በራ። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር። ተርጓሚዎቹ ገና አልጨረሱትም። እኔ ግን እንዲያ መሆን ያለበት መሰለኝ፤ እኛም ቤት እንዲያ ነው የሚወራው። ወንበር ላይ ወጥቼ የኢንተርኔቱን ገመድ ከፍሪጁ አወረድኩ። ጋሼ ረስተውት ነው ብዬ ሰካሁት።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

"ማነው የሠራው?"

"እኔ።"

መጣች። ስክሪኑን አየች። "ፋይሎች" የሚለውን ጮክ ብላ አነበበች፤ "መቼቶች" የሚለውን አነበበች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "አንቺ ልጅ!" አለችኝ። "አንቺ ልጅ! በይ የግሩምን ክፈቺልኝ፣ ጽፎ እንደሆነ።"

የይለፍ ቃሏን ነገረችኝና ከፈትኩላት።

ሳጥን የለም። ሁሉም ፊደል ሆኗል። ከላይ እስከ ታች አማርኛ ነው፤ ብዙ ሰው ጽፎለታል፣ በጣም ብዙ ሰው። መሐል ላይ የግሩም ፎቶ አለ፣ በሸሚዝና በክራቫት። ከፎቶው ጎን አንዲት ሻማ በርታለች። እኔ ፊደሉን ነበር የማየው። እንዴት እንደሚያምር። በእጄ ያመጣሁት ነው። አንድ መስመር ለማንበብ ብሞክር ስሙ ላይ ደረስኩ፣ ቀሪው ረዘመብኝ።

እናቴ ዝም ብላለች። በጣም ስለገረማት ነው አልኩ።

"ልደቱ ነው?" አልኳት።

ትንፋሿን ሰማሁት፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ቆየ።

"አዎ" አለች። "ልደቱ ነው።"

ማውዙን ከእጄ ወስዳ ወደ ታች ወረደች። እስከ መጨረሻው ወረደች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዓይኗ ሞልቷል፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

"እንዴት ነው የሚዘጋው?" አለች።

አሳየኋት።

"ገመዱ የት ነበር?"

"ፍሪጁ ላይ።"

"መልሺው። አንሶላውንም አልብሺው። እንደነበረ አድርጊው።"

"ለጋሼ አንነግርም?"

"ለማንም አንነግርም።"

"እሺ። ነገ ራሳቸው ያዩታል።" ያን ጊዜ አፌን ያዝኩ። አምልጦኛል።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችኝ። "ነገ ሰው ይመጣል?"

"አትናገሪ ተብያለሁ።"

"ማን ማን ነው የሚመጣው?"

"ሁሉም። ናዝራዊትም።"

"ጠዋት?"

"ጠዋት።"

"ጥሩ" አለች።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፈተች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ስትወጣ ፊቷ እርጥብ ነው። መድኃኒቷን ዋጠች። ከዚያ ሳሎኑን መጥረግ ጀመረች። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ገፍታ ግድግዳ ዳር አሰለፈቻቸው፤ መሐሉን ባዶ አደረገችው። "ተኚ ተብለሻል እኮ" ብላት "ሰው ሲመጣ የት ይቀመጣል?" አለችኝ። ድግስ ማለት ነው። እኔም ገፋሁ።

አባቴ ሲመለስ ሳሎኑን አየ፤ እሷን አየ።

"ምነው ቤቱን?"

"ቆሽሾ ነበር። ነገ ሥራ አትገባም አይደል?"

"አልገባም።"

"ራት ቀርቧል፣ ና።"

የቀረበላትን ሁሉ በላች። አባቴ ሲያያት ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። "ዛሬ ደህና ነሽ" አላት። "ደህና ነኝ" አለችው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ተነሥቼ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ ነበር። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደረጃው ድረስ ሰው ሞልቷል። ማንም ስጦታ አልያዘም። ማንም "ሰርፕራይዝ" አላለም። ጥቁር በጥቁር ለብሰው ዝም ብለው ገቡ፤ አንዷ ሴት ቀሚሴን አይታ ፊቷን አዞረች። ወንበሮቹ ተደርድረው ሲያገኙ አንዳንዶቹ ተያዩ።

እናቴ መሐል ላይ ቆማለች። ናዝራዊት በአንድ ጎን፣ አባቴ በአንድ ጎን ሆኑ። ጋሼ ብርሃነመስቀል ፊት ለፊቷ ቆሙ።

"እታገኝ፣ በርቺ" አሉ። "ግሩም አርፏል።"

እናቴ አየቻቸው። ከዚያ ሌሎቹን ማየት ጀመረች፤ አንድ በአንድ፣ ማን ማን እንደመጣ እንደሚያይ ሰው። ሁሉም ላይ ደረሰች። ከዚያ ጮኸች።

እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ያዟት። መሬት ላይ አብረዋት ተቀመጡ። ሴቶቹ ሁሉ አብረው ጮኹ። እኔ ግድግዳው ጋ ቢጫ ቀሚሴን ይዤ ቆምኩ።

ሲቆይ ናዝራዊት ክንዷን ጠቅልላ ግፊቷን ለካች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። "ተመስገን" አለች፤ "ደህና ነው።"

"እንዲህ ነው በወጉ ሲነገር" አለ አንድ ሰው። "ይህን ከኢንተርኔት ብቻዋን ብታገኘው ኖሮ ሁለቱንም ነበር የምናጣው።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እናቴም ሰምታለች። ቀና አላለችም።

ወንድሜ ዮአብ በሁለት ወሩ በሰላም ተወለደ። አሁን ቁመቱ ከእኔ በላይ ነው።

ከለቅሶው በሳምንቱ ጋሼ ሥራቸውን ሊጨርሱ መጡ። አንሶላውን አነሡ፣ አበሩት። ስክሪኑ ጥያቄ አልጠየቃቸውም። "ኤልያና" የሚል ስም አወጣላቸውና ጠበቀ። ጋሼ ስሙን በጣታቸው ተከትለው አነበቡት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችውን እናቴን አዩ።

"አልቆ ነው ያገኙት?" አለች እናቴ።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"መቼ ጨረሱት?" አለ አባቴ። "እኔ ገና መስሎኝ።"

እናቴ ዓይኗን ከጋሼ ላይ አላነሣችም።

"ዓርብ" አሉ ጋሼ። "ዓርብ ዕለት ጨርሼው ነበር።"

ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እናቴ ፊት ጥቂት ቆሙ። መልሰው አደረጉና ወጡ። እኔ በሥራዬ ተደንቀው ነው አልኩ። ስለዚያ ቀን እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሻማዋ ምን እንደነበረች የገባኝ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። የክፍላችን ልጅ አባት ሞቶ፣ ፌስቡክ ላይ ፎቶው ጎን አየኋት። ስልኬን ይዤ አባቴ መኪና ውስጥ ብዙ ቆየሁ። እናቴን ግን አልጠየቅኳትም። አሥር ዓመት አልጠየቅኳትም።

ባለፈው ኅዳር ከቫን ናይስ፣ ከለቅሶ ቤት ይዣት ስመለስ ፍሪዌዩ ላይ ቆመን ቀረን። ከፊታችን የመኪኖች የኋላ ቀይ መብራት ብቻ ነው።

"እማ" አልኳት፤ "ያን ዓርብ አንብበሽው ነበር።"

የቱን ዓርብ አላለችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"ጥርት ብሎ ነበር የሚታየው" አለች። "ከዚያ በፊት አንድም ቀን በዓይኔ አንብቤለት አላውቅም። ተማሪዎቹ ምን ምን ብለው እንደጻፉለት… አንዱን ሳልዘል ነው ያነበብኩት።"

"ሰዎቹ ሲመጡ ታዲያ…"

"ሰዎቹ ሌሊት ተነሥተው ነው የመጡት፣ ልጄ። ሦስት ቀን ሙሉ ተሸክመውልኝ። ምን ልበላቸው?"

መኪናዎቹ ትንሽ ሄዱና ቆሙ።

"እጅሽ ይባረክ ብዬሽ ነበር ያን ቀን?" አለችኝ።

"አላልሽኝም።"

"እንዴት ረሳሁት" አለች። ቀኝ እጄን ከመሪው ላይ አንሥታ ወሰደችና በሁለት እጇ ያዘችው። "እጅሽ ይባረክ።"

መንገዱ ተከፈተ። በአንድ እጄ ነዳሁ።